ለጓሯችን የትኛው አቮካዶ ይሻላል?

(በወላይታ ሶዶ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ለአርሶ አደር ምእመናን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የችግኝ መትከያ ወቅት በቀረበ ቁጥር ከምእመናን የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ከአቮካዶ ዝርያዎች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ብዙዎች ጥያቄውን የሚጠይቁት መልሱን አስቀድመው ይዘው ነው፤ ነጋዴ የሚፈልገው ሃስ ስለሆነ ከሃስ ሌላ መትከል ኪሳራ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አባቶቻችን ከዘር ያበቀሉት የአገሩ ዛፍ ይበቃናል ይላሉ። ዛሬ ልናስረዳ የምንፈልገው ከሁለቱም ትንሽ የተለየ ነገር ነው። ለጓሮ የሚሆን ዝርያ የሚመረጠው በስሙ ዝና አይደለም። ፍሬውን ማን ይበላዋል? መቼ ይደርሳል? ጎረቤትስ ምን ተክሏል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከተመለሱ ምርጫው ይቀላል።

ጓሮ ማለት ለእኛ ምን እንደ ሆነ

ወላይታ ሕዝብ የበዛባት፣ መሬት የጠበበባት ምድር ናት። ግማሽ ሄክታር በማይሞላ መሬት የሚተዳደረው ቤተሰብ ብዙ ነው። ከዚያም ውስጥ ለቤት ቅርብ የሆነው፣ የከብቱ ፍግና የቤቱ ጥራጊ የሚወድቅበት፣ በወላይትኛ ዳርኩዋ የሚባለው መሬት የቤተሰቡ ጎተራ ነው። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎደሬውና ጎመኑ የሚለመልሙት በዚያ ነው። ከቤት የራቀውና ፍግ የማይደርሰው መሬት ሾቃ ይባላል። አቮካዶ ብዙ ጊዜ የሚተከለው በዳርኩዋው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ዛፍ ሳይታሰብበት ቢተከል የሚጠፋው የችግኙ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ለእንሰቱና ለቡናው ይሆን የነበረው ቦታና ፍግም አብሮ ይጠፋል። ዛፉ የማይረባ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። ሰባቱን አጽዋማት የሚጾም ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይከለከላል። ዘይት በተወደደበት ጊዜ የድሃው የጾም ማዕድ ጎመንና ቆጮ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አቮካዶ ከፍራፍሬዎች መካከል ቅባት በመያዙ የተለየ ነው። ከሚበላው ክፍሉ 100 ግራም ውስጥ 15 ግራም ያህሉ ቅባት ነው። ይህም ቅባት ሰውነት በጎመን፣ በካሮትና በብርቱካናማ ስኳር ድንች ውስጥ ያለውን፣ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ንጥረ ነገር በሚገባ እንዲወስድ ይረዳል። እንግዲህ ከጓሮ ያለ አቮካዶ በጾም ወራት የማይሻር የቅባት ማሰሮ ነው ማለት እንችላለን።

ከዘር የበቀለውና የተዳቀለው

አቮካዶ የመካከለኛው አሜሪካና የሜክሲኮ ተክል ነው። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሂርናና በወንዶ ገነት በግል አትክልተኞች እጅ እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ሰው የበላውን ፍሬ ዘር እየተከለ ከቤት ወደ ቤት አዳረሰው። ዛሬ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በገሱባና በሶዶ ዙሪያ በየጓሮው ቆመው የምናያቸው ትላልቅ ዛፎች አብዛኞቹ እንዲህ ከዘር የበቀሉ ናቸው።

የአቮካዶ ዘር ግን እናቱን አይመስልም። ከአንድ ጣፋጭ ፍሬ የተገኙ አሥር ዘሮች ቢተከሉ አሥር የተለያዩ ዛፎች ይወጣሉ። አንዱ ክር ይበዛበታል፤ አንዱ ዘሩ ትልቅ ሆኖ የሚበላው ክፍል ያንሰዋል፤ አንዱ ግን እጅግ መልካም ይሆናል። ከዘር የበቀለው ፍሬ ለመስጠት ሰባትና ስምንት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። የተዳቀለው ችግኝ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል።

ማዳቀል ስንል ከዘር በበቀለ ጠንካራ ችግኝ ግንድ ላይ ከተመረጠ ዛፍ የተቆረጠ ቡቃያ ገጥሞ ማሰር ማለታችን ነው። ሥሩ የአገሩ ይሆናል፤ ቅርንጫፉና ፍሬው የተመረጠው ዛፍ ይሆናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ የበረሃው ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ላይ እንደ ተገጠመ ይናገራል። አትክልተኛ የሚሠራው ግን በተቃራኒው ነው፤ መልካሙን ቅርንጫፍ በዱሩ ግንድ ላይ ይገጥማል። ሐዋርያውም ይህን ስለሚያውቅ ነገሩ ከተፈጥሮ ልማድ ውጭ የሆነ የጸጋ ሥራ መሆኑን አልሸሸገም። እርሻውን የሚያውቅ ሰው የመልእክቱን ኃይል አብልጦ ይረዳዋል።

የሃስ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በካሊፎርኒያ ሩዶልፍ ሃስ የተባለ የፖስታ ሠራተኛ በ1920ዎቹ አንድ ችግኝ ከዘር አበቀለ። ሌላ ዝርያ ሊያዳቅልበት ቢሞክርም አልያዘለትም፤ ችግኙንም እንዲያድግ ተወው። ፍሬው ግን እጅግ መልካም ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1935ም በስሙ አስመዘገበው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለው የሃስ ዛፍ ሁሉ ከዚያች አንዲት ዛፍ በማዳቀል የተባዛ ነው። እናቲቱ ዛፍ በሥር አበስባሽ በሽታ ተይዛ እ.ኤ.አ. በ2002 ሞተች። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። ከዘር የበቀለ ዛፍ ሁሉ መናቅ የለበትም፤ በእኛም ጓሮ የተሰወረ መልካም ዛፍ ሊኖር ይችላል። ዝነኛ ዝርያ መሆንም ከበሽታ አያድንም።

ስድስቱ ዝርያዎች ሲነጻጸሩ

በአገራችን የተዳቀሉ ሆነው በይበልጥ የሚታወቁት ሃስ፣ ፒንከርተን፣ ፉኤርቴ፣ ኤቲንገር፣ ቤከንና ናባል ናቸው።

ሃስ ልጣጩ ወፍራምና ሸካራ ነው። ሲበስል ከአረንጓዴነት ወደ ጥቁር ሐምራዊነት ስለሚለወጥ መብሰሉ በዓይን ይታወቃል። ቅባቱ ብዙ፣ ጣዕሙ የተወደደ ነው። መንገድ ይችላል፤ ወደ ውጭ የሚላከውም ስለዚህ ነው። ፍሬው ከደረሰ በኋላ በዛፉ ላይ ለሳምንታት መቆየት ስለሚችል ቤተሰብ እንደ አስፈላጊነቱ እየቀጠፈ ሊመገበው ይችላል። ጉድለቱ ዛፉ ውኃና ፍግ ሲጎድልበት፣ ሲያረጅም ፍሬው እያነሰ መሄዱ ነው። ነጋዴ ትንንሹን ፍሬ አይቀበልም።

ፒንከርተን አንገቱ ረጅም፣ ዘሩ ትንሽ፣ የሚበላው ክፍል ብዙ ነው። ገና በለጋነቱ አብዝቶ ያፈራል። ዛፉ እንደ ሌሎቹ ወደ ላይ ስለማይመዘዝ ለቀማው አይከብድም። ነገር ግን የማበቢያ ጊዜው ረጅም ስለሆነ በአንድ ዛፍ ላይ ያሉት ፍሬዎች እኩል አይደርሱም፤ ለይቶ መቅጠፍን ይጠይቃል።

ፉኤርቴ በጣዕሙ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ከሜክሲኮ ከአትሊስኮ ወደ ካሊፎርኒያ ተወሰደ። በ1913 በደረሰው ብርቱ ውርጭ ብዙ ችግኞች ሲያልቁ እርሱ ስለ ተረፈ በስፓኝ ቋንቋ «ብርቱ» ተባለ። ልጣጩ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ሲበስልም አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቀራል። ሁለት ጉድለት አለው። ዛፉ ወደ ጎን ስለሚሰፋ ቦታ ይፈልጋል፤ አንድ ዓመት አብዝቶ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ያርፋል።

ኤቲንገር ከእስራኤል የተገኘ ነው። ዛፉ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ስለዚህ ለጠባብ ጓሮ ይመቻል። ከሃስ ቀድሞ ይደርሳል፤ በደንብም ያፈራል። ዘሩ ትልቅ መሆኑና ቀጭኑ ልጣጩ ለመላጥ አስቸጋሪ መሆኑ ይነቀፍበታል። በእስራኤል የእርሻ ቦታዎች ግን በሃስ ዛፎች መካከል ሆን ተብሎ ይተከላል። ምክንያቱን ወዲያው እንመለስበታለን።

ቤከን ብርድን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ ከዳሞታ ተራራ ሥር በከፍተኛው ደጋ ለሚኖር ቤተሰብ ሊታሰብ ይገባዋል። እርሱም ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ቀድሞም ይደርሳል። ቅባቱ ግን ከሃስ ያነሰ ነው።

ናባል የጓቲማላ ዝርያ ሲሆን ፍሬው ክብና ትልቅ ነው። ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስለዚህም ሌሎቹ ባለቁበት ጊዜ ለቤት ይተርፋል። ለጁስ ቤት የሚሆን ፍሬ ነው። እንደ ፉኤርቴ ሁሉ ዓመት እያለፈ የማፍራት ልማድ አለበት።

እንግዲህ ከስድስቱ ጉድለት የሌለበት የለም። የአንዱን ጉድለት የሚሸፍነው የሌላው መኖር ነው። ቀድሞ የሚደርሰውና ዘግይቶ የሚደርሰው በአንድ መንደር ሲገኙ ማዕዱ ረጅም ጊዜ ፍሬ አያጣም።

የጎረቤት ድርሻ

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር እንምጣ። የአቮካዶ አበባ በእያንዳንዷ ውስጥ ሴቴም ወንዴም ክፍል አላት፤ ሁለቱ ግን በአንድ ጊዜ አይሠሩም። አንዲት አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች፤ መጀመሪያ ሴት ሆና፣ ቀጥሎ ወንድ ሆና። በዚህም ዝርያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ሃስና ፒንከርተን ናቸው። አበባቸው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሴት ሆና ትከፈታለች፤ እኩለ ቀን ገደማ ትዘጋለች፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆና ትከፈታለች። ሁለተኛው ወገን ፉኤርቴ፣ ኤቲንገር፣ ቤከንና ናባል ናቸው። የእነዚህ አበባ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሴት ሆና ትከፈታለች፤ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ሆና ትመለሳለች።

ስለዚህ ጠዋት የሃስ አበባ ብናኝ ስትፈልግ ብናኙ ያለው በኤቲንገር ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኤቲንገር የሚፈልገው በሃስ ላይ ይገኛል። ንቧም በሁለቱ መካከል ትመላለሳለች። ደመናና ብርድ ሲሆን ሰዓቱ ስለሚዛባ ብቻውን የቆመ ዛፍ ጥቂት ፍሬ አይከለከልም፤ የሁለተኛው ወገን ዛፍ በአቅራቢያው ሲኖር ግን ፍሬ መያዙ ይሻሻላል። በአንድ ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ ሃስ ብቻ ከተከለ፣ ሁሉም አብቦ ሁሉም የሚገባውን ያህል ሳያፈራ ሊቀር ይችላል። ገበሬው ግን ጥፋቱን በችግኙ ወይም በመሬቱ ላይ ያደርጋል።

ንብ የአጥርን ወሰን አታውቅም። ከአጥር ማዶ ያለው የጎረቤት ዛፍ ለእኔ ዛፍ ባለውለታ ነው። በዚህ ምክንያት የአቮካዶ ዝርያ ምርጫ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤታሞች ምክክር ይፈልጋል። አበባ በፈነዳበት ሰሞን የነፍሳት መድኃኒት የሚረጭ ሰውም የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ፍሬ ይቀንሳል።

ስሙ የማይታወቅ የአገር ዛፍ ያለው ሰው ወገኑን በዓይኑ ሊለይ ይችላል። ፀሐይ በወጣበት ጠዋት አበባውን ይመልከት። በመካከል ያለችው ዘንግ ብቻዋን ቆማ፣ ዙሪያዋን ያሉት ክሮች ወደ ውጭ ተኝተው ካየ ሴት ናት፤ ዛፉ ከሃስ ወገን ነው። ክሮቹ ቆመው ብናኝ ከያዙ ወንድ ናት፤ ዛፉ ከኤቲንገር ወገን ነው። ከመንደሩ ሃሶች ጋር የሚስማማ የአገር ዛፍ ካለ መቁረጥ አይገባም።

ምን እንትከል?

አንድ ዛፍ ብቻ የሚተክል ሰው አስቀድሞ የጎረቤቱን ይጠይቅ። ጎረቤቱ ሃስ ካለው እርሱ ኤቲንገር ወይም ቤከን ይትከል፤ ጎረቤቱ ፉኤርቴ ካለው እርሱ ሃስ ወይም ፒንከርተን ይትከል። ሁለት ዛፍ የሚችል ሃስንና ኤቲንገርን ቢያጣምር አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ይደርስለታል። ለሁለት ዛፍ ቦታ የሌለው ደግሞ በአንዱ ሃስ ዛፍ ላይ አንድ የኤቲንገር ቅርንጫፍ ሊያዳቅልበት ይችላል፤ አንድ ግንድ ሁለቱን ወገን ይሸከማል።

ከዋና መንገድ ርቆ ለሚኖርና ፍሬውን በአህያ ጭኖ ገበያ ለሚያወጣ ልጣጩ ወፍራም የሆነው ሃስ ይሻለዋል። ለሶዶ ጁስ ቤቶች ቅርብ ለሆነ ትላልቁ ናባል ደንበኛ አያጣም። እንደ ሁምቦ ባለ ሙቀት በሚበረታበት ቆላ ለሚኖር ግን ከዝርያው በፊት የውኃው ነገር ይታሰብ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በበጋ ውኃ የማያገኝ ችግኝ ዝርያው የቱንም ያህል ቢመረጥ አይጸናም።

የመትከያውን ነገር በአጭሩ እንናገር። አቮካዶ ውኃ የሚቋጥር መሬት አይወድም፤ ሥር አበስባሹ በሽታ የሚያጠቃው በዚያ ነው። ስለዚህ ረባዳውን ትተን ተዳፋቱን እንምረጥ። በዛፍና በዛፍ መካከል ከ7 እስከ 8 ሜትር ይተው። 8 ሜትር በ8 ሜትር ስናሰላ አንድ ዛፍ 64 ካሬ ሜትር ይይዛል። ይህ ቁጥር «አሥር ዛፍ ልትከል» የሚለውን ሰው ቆም አድርጎ ሊያሳስበው ይገባል። የተዳቀለበት ጠባሳ ከአፈር በላይ ይሁን። ከጠባሳው በታች የሚወጣ ቡቃያ ሁሉ ወዲያው ይቆረጥ፤ ካልተቆረጠ የሥሩ ዛፍ የተመረጠውን ውጦ ያስቀረዋል፤ ባለቤቱም ሃስ ተክሎ ሌላ ፍሬ ይለቅማል። ጉዝጓዝ ይደረግ፤ ግንዱን ግን አይንካው።

እንሰትን ነቅሎ አቮካዶ መትከልን በተመለከተ ግልጽ ቃል መናገር አለብን። እንሰት ዝናብ ቢቀርም ቆሞ የሚጠብቅ፣ በክፉ ቀን የሚቆረጥ የቤተሰብ ዋስትና ነው። የአቮካዶ ዋጋ በገዢ ፈቃድ ይወጣል ይወርዳል። ይርጋለም በሚገኘው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአቮካዶ ዘይት መመረቱ፣ ሃስም ወደ ውጭ መላኩ መልካም ዕድል ነው፤ አንቃወመውም። ነገር ግን ገዢ ባልመጣበት ዓመት ቤተሰቡ የሚበላው እንዳያጣ አቮካዶው ከእንሰቱ ጎን ይቁም እንጂ እንሰቱን አይተካ። ጥላው እንሰቱንና ቡናውን እንዳይጋርድም በጓሮው ዳር፣ ወደ ሾቃው ወሰን ይተከል።

ቀጠፋና ማዕድ

አቮካዶ በዛፉ ላይ ሳለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳይደርስ መቅጠፍ ቀላል ስሕተት ነው። ነጋዴ መጣ ተብሎ ዛፍ ሙሉ ፍሬ ሲራገፍ እናያለን። ያልደረሰ ፍሬ ሲቀመጥ ይጨማደዳል፤ እንደ ጎማ ይሆናል፤ ጣዕም አይኖረውም፤ የመንደሩንም ስም በገበያ ያጠፋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ ቀጥፎ በቤት ማስቀመጥ፤ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ሳይጨማደድ እኩል ከለሰለሰ ደርሷል። ሲቆረጥ የዘሩ ሽፋን ቡናማና ቀጭን ሆኖ ከተገኘም ደርሷል። ፍሬው ከእነ አጭር እጀታው ይቀጠፍ፤ ወደ መሬት አይጣል።

በማዕድ በኩል እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። የበሰለ አቮካዶ በጨውና በዳጣ ተለውሶ ከተቀቀለ ጎደሬ ወይም ከቆጮ ጋር ሲቀርብ ዘይት የማይጠይቅ የጾም ምግብ ነው። ጎመን ላይ ሲጨመር ጎመኑንም ይረዳዋል። ለጾም ያልደረሱ ሕፃናት፣ ስድስት ወር የሞላቸው ሁሉ፣ ከጡት ወተት ጋር አቮካዶ ፈጭቶ ማብላት ይቻላል። ዛፉ ከጓሮ እያለ ፍሬው ሁሉ ተሸጦ ሕፃኑ ሳይቀምሰው እንዳይቀር አደራ እንላለን።

ከእኛ የሚጠበቀው

ከዚህ ስብሰባ ስንመለስ በየአጥቢያችን ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየሰፈሩ ያለውን የአቮካዶ ዛፍ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ በአበባ ወቅት ተመልክተው ይመዝግቡ፤ በማንኛው ሰፈር የቱ ወገን እንደ ጎደለ በዚያ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ቦታ ባለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከሁለቱም ወገን ስማቸው የተረጋገጠ ዛፎች ይተከሉ፤ ስማቸውም ይጻፍባቸው፤ ለወደፊቱ ቡቃያ የሚቆረጠው ከእነርሱ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በጽዋ ማኅበርና በእድር ስንገናኝ ችግኝ ከመግዛታችን በፊት እንመካከር፤ አንዱ ሃስ ሲገዛ ሌላው ኤቲንገር ይግዛ።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው ሊያበጃትም ሊጠብቃትም ነው። የእኛ ጓሮ ጠባብ ናት፤ የጎረቤታችን ጓሮም ጠባብ ናት። በምክክር ከተከልንባቸው ግን ለንቧም ለልጆቻችንም አንድ ሰፊ አትክልት ቦታ ይሆናሉ።

የተከልነውን ያጽድቅልን፤ ምድራችንን በረድኤቱ ይጎብኝልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።